ያለሰዓቱ የሚጮኸው ጡሩምባ

ከዩኒቨርሲቲ የመጡት ተማሪዎች በትልቁ መጋዝ ዙሪያ፣ አስጎብኚዋ ልጅ ከግድግዳው ማብሪያ አጠገብ፣ የድሮው ዘበኛ ልጅ ኦቦ ገለታ ከዘራውን ይዞ አግዳሚው ላይ፣ እኔ በሩ ጋ ነበርን። የአምቦው እንጨት መሰንጠቂያ የባህል ማዕከል ከሆነ ወዲህ ስገባ የመጀመሪያዬ ነው። ግድግዳው ተቀብቶ ሥዕል ተሰቅሎበታል፣ ወለሉ ላይ ሰጋቱራ የለም፤ የጥዱ ሽታ ግን አልለቀቀም።

«አሁን ደግሞ የፋብሪካውን ጡሩምባ እንሰማለን» አለች ልጅቷ።

በልጅነቴ ያ ጡሩምባ በቀን ሦስት ጊዜ ይጮኽ ነበር፤ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ስድስት ሰዓትና ማታ አሥራ አንድ ሰዓት። በበጋ ከጭልሞ ጫካ በኩል ግንድ የጫኑ መኪናዎች አቧራ እያስነሱ ይመጡ፣ አባቴም ፀጉሩ ሰጋቱራ ለብሶ ይገባና እናቴ ደጃፍ ላይ አቁማ በነጠላዋ ጫፍ ታራግፍለት ነበር። በክረምት ግንዱ ርሶ ስለሚከብድና ስለሚያንሸራትት ሥራው ያስፈራ ነበር። ጡሩምባው ያለሰዓቱ ከጮኸ ሰው ተጎድቷል ማለት ስለነበር፣ የሰፈሩ ሴቶች የያዙትን ጥለው ወደዚህ በር ይሮጡ፣ ወንዶቹም አንድ በአንድ ይወጡ ነበር። ባሏ በደህና የወጣላት ሴት የሁሉም እስኪወጣ ትቆም ነበር እንጂ አትሄድም፤ ነውር ነው።

ስምንት ዓመቴ ሳለ፣ በሐምሌ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ጮኸ። እናቴ የሳሙናው አረፋ ክንዷ ላይ እንዳለ ሮጠች፣ እኔም ቀሚሷን ይዤ ተከተልኳት። ወንዶቹ ወጥተው አለቁ፤ ከሴቶቹ አንዷም አልሄደችም። «ያ ዋቅ!» ብላ አምላኳን ጠራች የገለታ እናት፤ ከዚያ ሁሉም ወደ እኛ ዞሩ።

«አዴ ብርሃኔ፣ አባትዎ እዚህ ይሠሩ እንደነበር ኦቦ ገለታ ነግረውኛል» አለች አስጎብኚዋ። «እስቲ ማብሪያውን እርስዎ ይጫኑልን!»

ተማሪዎቹ አጨብጭበው ስልካቸውን አነሡ። ገለታ ፊቴን አየና ቶሎ ብሎ፣ «ተያት ልጄ፣ እሷ ቀጭን ናት፣ ድምፁ ይጥላታል» አለ። ሳቁ።

«ስንት ሰዓት ነው?» አልኩ።

«አራት ሊሆን ነው፣ እማማ» አለች አስጎብኚዋ።

«እንግዲያው ሰዓቱ አይደለም።»

ቀልድ መስሏት ራሷ ተጫነችው። ጡሩምባው እንደ ድሮው ጮኸ። መንገዱ ላይ ባጃጆቹ አልቆሙም፣ ሴቶቹም ዘንቢላቸውን ይዘው ወደ ገበያ መንገዳቸውን ቀጠሉ፤ የሮጠ የለም።

ተማሪዎቹ አንድ በአንድ እስኪወጡ በሩ ላይ ቆየሁ። በመጨረሻ ገለታ ከዘራውን እየተመረኮዘ ወጣ። ከዚያ ሄድኩ።