የጣይባና የሥዕሉ ውሻ ጠብ

ጣይባ ጠብ አትወድም የሚል ሰው ካለ፣ ጣይባን አያውቃትም። በኮምቦልቻው የሕፃናት ማሳደጊያ ሞግዚት ሆና በሠራችባቸው ዓመታት ከወጥ ቤቷ ሠራተኛ ጋር በሽንኩርት ተጣልታለች፤ ከዘበኛው ጋር በበር አዘጋግ ተጣልታለች፤ ከቀበሌው የሴቶች ማኅበር ጋር «ሰልፍ አልወጣም፣ እግሬን ያመኛል» ብላ ተጣልታለች። እነዚህ ሁሉ ሲነጋ የሚረሱ ነበሩ። አብረዋት የሠሩ ሴቶች እስከ ዛሬ የሚያወሩት ግን ከመጽሐፍ ጋር የተጣላችውን ነው። በትክክል እንናገር ከተባለ፣ መጽሐፉ ውስጥ ከተሳለው ውሻ ጋር።

ጣይባ የኩታበር ሰው ናት። ባሏ ኑርሁሴን ከወሰን ጎረቤቱ ጋር ዕድሜውን ሲካሰስ የኖረ ገበሬ ነበር። ክሱ አልቀናው ሲል እንዳገሩ ልማድ ነገሩን በውሻ ጨረሰው፤ አንድ ዳልቻ ቡችላ አመጣና ስሙን «ምናገባቸው» አለው። ከዚያ ወዲያ ማለዳ ማለዳ ደጁ ላይ ቆሞ፣ ጎረቤቱ እስኪሰማ ድረስ፣ «ና ምናገባቸው! ብላ ምናገባቸው!» እያለ መጣራት ሆነ ሥራው። ውሻውም የስሙ ነገር ገብቶት ይሁን ተፈጥሮው ሆኖ፣ የለየለት ጠበኛ ወጣ። የጎረቤቱን ውሻ ጆሮ ቀደደ። የመንደሩ ውሾች በዚያ ደጅ ማለፍ ትተው በጓሮ በኩል መዞር ያዙ። የሙስሊም ቤት ነውና ቤት አይገባም፣ ዕቃ አይነካም፤ ቦታው ከአጥሩ ሥር ነው። ትንሹ ልጃቸው በሺር ግን ከቂጣው እየቆረሰ ይወረውርለታል። ጣይባም በእጇ ባትነካው በልቧ ትኮራበት ነበር።

ከዚያ ዝናሙ ቀረ። ኑርሁሴን እህል ይታደላል ሲባል ሰምቶ ወረዳ በሄደበት ለሰፈራ ተጭኖ ወለጋ ወረደ፤ ወሬውም በዚያው ጠፋ። ጣይባ በሺርን አዝላ የኮምቦልቻን መንገድ ስትጀምር ምናገባቸው ተከተላት። ቆዳው ከአጥንቱ ተጣብቆ፣ ራሱን መሸከም አቅቶት ሳለ፣ መንገድ ላይ የሚያገኘውን ውሻ ሁሉ ካላባረረ አያልፍም። የመንገድ ዳር ውሾች ደግሞ ያን ዓመት ወፍረዋል። በምን እንደ ወፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ደፍሮ የሚናገር ግን አልነበረም።

ገራዶ ሲደርሱ በሺር ጀርባዋ ላይ ሞተ። መሬቱ አልቆፈር አለ፤ ቢቆፈርስ በየት ጉልበት? በነጠላዋ ከፈነችውና ከመንገዱ ከፍ ብላ አስተኝታ ድንጋይ ከመረችበት። የማታውቀው ሽማግሌ መንገደኛ ቆሞ የሬሳ ሶላት ሰገደለትና «አብሽሪ፣ የኔ ልጅ» ብሏት አለፈ። ስትነሳ ውሻው አልነሳም አለ። በስሙ ጠራችው። ጠጠር ወረወረችበት። ንቅንቅ አላለም። መታጠፊያው ላይ ደርሳ ዞር ስትል፣ ጀርባውን ለድንጋዩ ክምር ሰጥቶ፣ ቁጢጥ ብሎ እሷን ያያታል።

«እስክሄድለት እየጠበቀ ነው» አለች በልቧ። ተመልሳ ድንጋይ መጨመር ፈለገች፤ ጉልበቷ ግን እንኳን ለመመለስ ለመሄድም በቅጡ አልበቃት።

የውሻውን ነገር ለማንም አልተናገረችም። ኮምቦልቻ መጠለያው ውስጥ ነፍስ ዘራች፤ ቆይቶም ማሳደጊያው ቀጠራት። ልጅ ማጠብ፣ ማብላት፣ የሚያለቅስ ማባበል ታውቅበታለች፤ ስታባብልም እየተቆጣች ነው። ጓደኞቿ «ገራዶ እኮ ቅርብ ነው፤ የልጅሽን ቀብር አትዘይሪም ወይ?» ሲሏት ዐይኗ ይቀላል። ለገበያ ደሴ ድረስ ትወጣለች፤ ከደሴ ግን አታልፍም። ድንጋዩ ተበትኖ ብታገኘውስ? ይህን ከማየት አለማወቁ ይሻለኛል ብላ ቆረጠች፤ አለማወቁ ደግሞ እንቅልፍ ነሳት። ታዲያ ቂሟን በውሻ ዘር ሁሉ ላይ ተወጣችው። በግቢው አጥር ሥር ያለፈ ውሻ ከእሷ ድንጋይ አያመልጥም፤ ዘበኛው የሚያሳድጋትን ምስኪን ቡችላ ሳይቀር አስጠፍታታለች።

መጽሐፉ የመጣው ይሄኔ ነው። ከባሕር ማዶ፣ ከብስኩትና ከአሮጌ ሹራብ ጋር በካርቶን ታሽጎ መጣ። የተጻፈበትን ቋንቋ በግቢው የሚያነብ አልተገኘም፤ ሥዕሉ ግን ትልልቅና ያማረ ነው። አንድ ሽማግሌና አንድ ቡናማ ውሻ አብረው ይኖራሉ፤ ሽማግሌው ይታመማል፣ ይሞታል፤ ውሻው መቃብሩ ዘንድ ይቀመጣል፤ በመጨረሻ አንዲት ልጅ መጥታ ይዛው ትሄዳለች። አብሮ የመጣው የእንግሊዝኛ ወረቀት «ሐዘን ለደረሰባቸው ልጆች መጽናኛ» ይላል። የማሳደጊያው ኃላፊ ጓድ ፈንታሁን መጽናናቱ ብዙም አላሳሰበውም፤ ያሳሰበው የለጋሾቹ ጉብኝት ነው። «ሲመጡ መጽሐፉ በልጆቹ እጅ ይታይ» ብሎ ለመምህርቷ ለአባይነሽ አስረከባት።

አባይነሽ የደሴ ልጅ ናት፤ ገና ወጣት ብትሆንም በግትርነት ከጣይባ አታንስም። ልጆቹን ሰሌን ላይ ሰብስባ፣ ሥዕሉን እየገለጠች፣ ከራሷ ተረት እያወጣች ማውራት ጀመረች። ጣይባ በር ላይ ቆማ ሰማች። የመቃብሩ ሥዕል ሲገለጥ ግን አላስቻላትም፤ ገባችና በያዘችው መጥረጊያ መጽሐፉን ከመምህርቷ ጭን ላይ ገፍታ ጣለችው።

«ውሻ ነጃሳ ነው!» አለች። «የሙስሊም ልጆች ናቸው፤ ውሻ አቅፈው አይውሉም። ወላሂ አይውሉም!»

«ሥዕል እኮ ነው፣ እትዬ ጣይባ። ሥዕል አይልስ።»

«ሰው እንደ ቅጠል በረገፈበት አገር፣ አንቺ ለውሻ ማዘን ታስተምሪያለሽ?»

«ስለ ውሻ አይደለም የማስተምረው።»

«እና ስለ ማን ነው?»

አባይነሽ ልጆቹን አየችና መልሱን ዋጠችው። መጽሐፉን አንስታ አቧራውን በቀሚሷ ጠረገችው።

ከዚያ ወዲያ ጦርነት ሆነ። ጣይባ መጽሐፉን በእጇ አትነካውም፤ በእንጨት እየገፋች ከከሰል ጆንያ ሥር ትወሽቀዋለች። አባይነሽ ፈልጋ ታወጣዋለች። ሥዕሉን የነካ ልጅ ሁሉ፣ ውሻ የላሰው ይመስል፣ ምሳ ከመቅረቡ በፊት እጁን ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዱን በአፈር፤ ጣይባ ቆማ ትቆጣጠራለች፤ ወረፋው በረዘመ ቁጥር ገንፎው ይቀዘቅዛል። ሌሎቹ ሞግዚቶች ጣይባን ደገፉ። አባይነሽ «ኋላ ቀር ናት» ብላ ለጓድ ፈንታሁን ከሰሰች። እሱም ጣይባን አስጠርቶ «መጽሐፉን አንድ ነገር ቢያገኘው፣ በመጣሽበት ትመለሻለሽ» አላት። በመጣችበት መንገድ ላይ ገራዶ እንዳለ እሱ በምን ያውቃል? ጣይባ ሰውነቷ እየተንቀጠቀጠ ወጣች፤ ያዩዋት ተናዳ ነው አሉ።

እውነቱን እንናገር፤ ነጃሳው ሰበብ ነው። በሽማግሌው ቤት፣ ምድጃው አጠገብ የተኛውን ያንኑ ውሻ ልጆቹ ሲያዩት እምብዛም አልከፋትም። የምትጠላው ያን አንዱን ገጽ ነው። መቃብሩ ትኩስ ነው፣ ሰው የለም፣ ውሻው አለ። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን እኔ አውቃለሁ ትል ነበር ለራሷ፤ እነዚያ ባሕር ማዶ ያሉ ሰዎች ምን አይተው ያውቃሉ?

ከልጆቹ መሐል ሐዋ የምትባል አንዲት ነበረች፤ እሷም ከኩታበር በኩል የመጣች፣ የእህል መኪና ከመንገድ ዳር ያነሳት። ስለ እናቷ ሲጠይቋት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ጣይባ ይህችን ልጅ ከሁሉ አብልጣ ትቆጣታለች፣ ከሁሉ አብልጣም ታበላታለች። ሐዋ መጽሐፉ ሲነበብ ሁልጊዜ ከኋላ ትቀመጣለች፤ ቀርባ አይታው አታውቅም።

ጉብኝቱ ሲቃረብ አባይነሽ ሁሉንም ልጆች በተራ ወደ ፊት እያስጠጋች ሥዕሉን ታስነካ ጀመር። የሐዋ ተራ ደረሰ። የተገለጠው የመቃብሩ ገጽ ነበር። ጣይባ የወተት ባልዲ ይዛ በር ላይ ቆማለች።

«ይህ ውሻ ምን እያደረገ ይመስልሻል?» አለቻት አባይነሽ በለሰለሰ ድምፅ።

«ሊቆፍር ነው» አለች ሐዋ።

አባይነሽ ደነገጠች። «አይ፣ አዝኖ እኮ ነው። ጌታውን ናፍቆ…»

«ሊቆፍር ነው። አይቻለሁ። ሰው እስኪሄድ ይጠብቃሉ፣ ከዚያ ይቆፍራሉ።»

አባይነሽ ቀና ብላ ጣይባን አየቻት። ሌላ ምን ይጠበቃል? ድሉ የጣይባ ነው። እስከ ዛሬ ያላለችውን፣ ግን ውስጧ ሲጮህ የከረመውን ቃል ልጅቷ ቃል በቃል ተናገረችላት። አሁን ገብታ «አላልኩሽም?» ብትል መጽሐፉ ዳግም አይገለጥም ነበር።

ጣይባ ባልዲውን አስቀመጠች። የገዛ ልቧ ቃል ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ እንደዚህ ያቃጥላል ብላ አላሰበችም። የበሺር ስም በዚያ ሁሉ ልጅ ፊት የተነሳ መሰላት።

«ውሸት!» ብላ ጮኸች። «ማን ነው ይቆፍራል ያለሽ? አይቆፍርም!»

ልጆቹ ተሸማቀቁ። እሷ ሰሌኑ ላይ ቁጭ ብላ፣ ነክታው የማታውቀውን መጽሐፍ ከመምህርቷ እጅ መንጭቃ ጭኗ ላይ ዘረጋችው። ስትጮህ ገና ምን ብላ እንደምትከራከር አታውቅም ነበር፤ ዝም ብሎ ልቧ እምቢ ብሏት ነው። ሥዕሉን ግን ያን ያህል ከቅርብ አይታው አታውቅም። አሁን አየችው። ውሻው ቁጢጥ ብሏል። ጀርባውን ለመቃብሩ ሰጥቷል።

ልጆቹ የሚመቱ መስሏቸው ወደ ኋላ ሸሹ።

«ነይ ወዲህ» አለቻት ሐዋን፤ ድምፅዋ አሁንም የቁጣ ነው። «የሚቆፍር ውሻ ፊቱ ወዴት ነው?»

«ወደ… ወደ መሬቱ።»

«ወደሚቆፍረው ነው! ሊበላ የመጣ ውሻ ለምግቡ ጀርባ ሰጥቶ ይቀመጣል? ይህን እይው። ፊቱ ወዴት ነው?»

ሐዋ ጣቷን ሥዕሉ ላይ አደረገች። «ወደ መንገድ።»

«ወደ መንገድ። የሚመጣውን ነው የሚያየው። ሌሎቹን ነው የሚጠብቀው፤ እንዳይደርሱ።» ጣይባ ድምፅዋ ተሰበረ፤ በዚህም ተናደደች፤ በሻሿ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገች። «እኔንም እንዲህ ነበር ያየኝ። ከገራዶ መታጠፊያ ዞሬ አይቼዋለሁ። ጀርባውን ለልጄ ሰጥቶ። እኔ ሞኟ ሌላ ነገር ጠረጠርኩት።»

አባይነሽ እጇን ወደ ጣይባ ትከሻ ልካ መለሰችው።

ሐዋ ግን በሥዕሉ አልረካችም። ጣቷ ውሻው ላይ እንዳለ ነው።

«ይህ የራሱ ሰው ስለሆነ ነው» አለች ቀስ ብላ። «እማዬ ጋ የእኛ ውሻ አልነበረም። ውሻ አልነበረንም።»

መምህርቷ ፊቷን አዞረች። ጣይባ ልጅቷን ትኩር ብላ አየቻት፤ የሚያጽናና ነገር መናገር አልሆነላትም፣ ሆኖላትም አያውቅ።

«የት ነው እናትሽ የቀረችው?» አለቻት ቆጣ ብላ።

«ገራዶ ሳንደርስ። ከመንገዱ በላይ።»

«እንግዲያ ምን ያሳስብሻል? የእኔ ውሻ እዚያ ነው።»

ሐዋ ቀና ብላ አየቻት።

«ስሙ ምናገባቸው ይባላል። ዳልቻ ነው። ሌላ ውሻ በዚያ በኩል አያሳልፍም፤ የኩታበርን ውሻ በሙሉ በጓሮ ሲያዞር የኖረ ነው።»

ልጅቷ ነገሩን በልቧ ስታወጣ ስታወርድ ቆየች።

«ይናከሳል?» አለች።

«ክፉኛ ነው እንጂ» አለች ጣይባ።