ፈረሰኛው የማን ነው

ዛሬ በኮሌጃችን ወጥ ቤት አጠገብ ሳልፍ ሎሚ የተጨመቀበት የዶሮ ሥጋ ሸተተኝና ቆምሁ። ጎንደር፣ የፋሲካ ዋዜማ፣ የእናቴ ጓዳ ትዝ አለኝ።

ሁለቱ ታላላቅ ወንድሞቼ እንደ ሌላው ልጅ አልነበሩም። አንደኛው አይናገርም፤ ሁለተኛው የሰማውን ቃል ይደጋግማል። ሰው ድንገት ሲነካቸው ይጮኻሉ። እናቴ ግን የበዓሉን ወጥ የምትሠራው ከእነሱ ጋር ነበር። ዝምተኛው የዶሮውን ብልቶች ያጥባል፤ ውሃው እንደ ምንጭ ካልጠራ አይተውም። ሁለተኛው ሽንኩርቱን ያማስላል።

አባታችን ከሞተ ወዲህ የበዓሉ ታላቅ የእናቴ ወንድም ነበሩ። የዚያን ቀን ከኮሶዬ መጥተው ጓዳው በር ላይ ቆሙ።

«ምነው እቴ! ወንድ ልጅ ጓዳ ይገባል? ያውም እነዚህ! ነገ እንግዳ ሳይመጣ ደብቂያቸው።»

«ምነው እቴ! ምነው እቴ!» አለ አማሳዩ ወንድሜ።

እናቴ ሳቋን ዋጥ አደረገች። «አያ፣ ውሃውን ይዩት እስቲ። የእርስዎ ቤት ዶሮ እንዲህ ጠርቶ ያውቃል? ልጆቼ ነገ ከእንግዳው እኩል ይቀመጣሉ። የሚጸየፍ ሰው ጾሙን በቤቱ ይፍታ።»

በማግስቱ ሁላችንም ገበታውን ከበብን። ለታላቅ ሰው የሚወጣውን ብልት፣ ፈረሰኛውን፣ እናቴ በጭልፋ አነሣች። አጎቴ እጃቸውን ዘረጉ። እሷ ግን አልፋቸው ሄደችና ዝምተኛው ወንድሜ ፊት አኖረችው።

«ያጠበው ይብላው» አለች።

አጎቴ ሳይቀምሱ ተነሥተው ወጡ። ከዚያ ወዲያ ለፋሲካ ቤታችን መጥተው አያውቁም። እናቴም እስከ ዛሬ አልጠራቻቸውም።