የሌላ ሰው ስብከት

ከአርባ ምንጭ ወደ ካምባ በሚሄደው አውቶቡስ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ክርኑ ላይ የተጣፈ ኮት ለብሰዋል። መጽሐፍ ቅዱሳቸውን በፌስታል ጠቅልለው ጉልበታቸው ላይ ይዘዋል።

ከኋላችን አንድ ተሳፋሪ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ በቴሌቪዥን የታወቀ የአንድ ሰባኪ ስብከት ከፈተ። ሰባኪው "ልጅ የሚሞትባት እናት የደበቀችው ኃጢአት አለባት" ካለ ወዲህ ሰዉ ሁሉ ሲነታረክበት ሰንብቷል። "ሰባኪ ሁሉ ያው ነው" አለ ባለስልኩ። አንዲት ሴት ደግሞ "ቆርጠው ነው የለጠፉት፤ እሱ እንዲህ አይልም" ብላ ተከራከረችው። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ።

"አባባ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?" አልኳቸው።

"እኔም ወንጌላዊ ነኝ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ያንን ከሰማሁ ጀምሮ ልጅ የቀበሩ እናቶች ቤት እየዞርኩ፣ ይህ የእግዚአብሔር ቃል አይደለም እላቸዋለሁ። ዛሬ ሰባተኛዋ ጋ ነው የምሄደው።"

"ይቀበሉዎታል?"

"ሻይ ያፈሉልኛል። አንዳንዶቹ ያለቅሳሉ፤ ከዚያ ቀለል ይላቸዋል።" በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከቱ። "ልጃችንን የቀበረችው ባለቤቴ ግን እስካሁን አላመነችኝም።"