ከመሪው ላይ ያልተነሳች ጣት

ክሌም ኖስኬ ጣቱን ከመሪ ላይ ማንሳት ያቆመው ባለፈው ክረምት ነው። በአውስትራሊያዋ የገጠር ከተማችን በካራዊላ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እኛ ዘንድ ከፊት ለፊትህ መኪና ሲመጣ መሪውን እንደያዝክ ሌባ ጣትህን ብድግ ታደርጋለህ፤ በቃ። ደህና አደርክ፣ በጎቹ እንዴት ሰነበቱ፣ ዝናብ ጠብ አለልህ ወይ፣ ሁሉም በዚያች ጣት ውስጥ አለ። ጣቱን ያላነሳ ወይ የከተማ ሰው ነው፣ ወይ እንቅልፍ ወስዶታል፣ ወይ አኩርፏል።

ክሌም የከተማ ሰው አይደለም፤ እንቅልፍም አልወሰደውም። ስለዚህ አኩርፏል ተባለ።

እኔ ቬርና ነኝ። መንታ መንገዱ ላይ ያለው ነዳጅ ማደያ የኔ ነው፤ ሱቁም ፖስታ ቤቱም እዚያው ነው። ክሌምን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ዕድሜውን ሙሉ የማዘጋጃ ቤቱን ግሬደር እየነዳ የአፈር መንገዳችንን ሲደለድል የኖረ ሰው ነው። ግሬደር ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። ስንዴ የጫነም፣ በግ የጫነም፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርስም ከክሌም ጣት ሰላምታ ሳይቀበል ያለፈ የለም። ጉድጓድ አይቶ ዕለቱን መድፈን ካልቻለ፣ ቀይ ጨርቅ ያሰረበት እንጨት ሳይተክልበት ቤቱ አይገባም ነበር። ሚስቱ ኢልማ የተቀበረች ዕለት እንኳ፣ ከቀብር መልስ በጥቁር ሱፉ እንጨት ሲተክል በዓይኔ አይቼዋለሁ።

የኛ ወንዶች "እንዴት ነህ?" ሲባሉ ያላቸው መልስ አንድ ብቻ ነው፤ "አይከፋም።" መከሩ ሲያምር አይከፋም። ትራክተር እግራቸው ላይ ሲወጣም አይከፋም። የባሌ አባት የመጨረሻ ቃሉ ይኸው ነበር። እኛም አምነነው ሻይ ልናፈላ ወጣን፤ ስንመለስ ሞቶ አገኘነው። በዚህ ጉዳይ ትዕግሥት የለኝም፤ አፍ የተሰጠን ለመብላት ብቻ ይመስላል።

ክሌም የአንጀት ካንሰር ያዘው። ገና ሲጀምር ሊታወቅለት ይችል ነበር። መንግሥት ዕድሜው ለገፋ ሰው ሁሉ የምርመራ ዕቃ በፖስታ ይልካል፤ ቤትህ ሆነህ ከሰገራህ ጥቂት ቀንሰህ አሽገህ መልሰህ ትልካለህ። ክሌም ዕቃው በመጣለት ቁጥር መሳቢያ ውስጥ ከተተው። በኋላ ለምን ብዬ ስጠይቀው "ፖስታ ቤቱ አንቺው ጋ ነዋ! የኔን ጉድ አንቺ ልትቀበዪኝ?" አለኝ። አፍሮ ነው እንግዲህ። በሽታው ሲታወቅ ጉበቱ ላይ ደርሶ ነበር።

የተለመደው ሕክምና ለጊዜው ያዝ አድርጎለት ነበር፤ ኋላ መሥራቱን አቆመ። ያን ጊዜ በትልቁ ከተማ በአዴሌድ የሚያክመው ሐኪም ስለ አዲስ መድኃኒት ሙከራ ነገረው። ከታማሚዎቹ ግማሾቹ አዲሱን ከሌላ መድኃኒት ጋር ደርበው ይወስዳሉ፣ ግማሾቹ ሌላውን ብቻ፤ ማን የቱን እንደሚያገኝ ሐኪሙ አይመርጥም፣ በዕጣ ነው።

"እኔ እኮ" አለው ክሌም፣ "ዓርብ ዓርብ መጠጥ ቤት በሚወጣው የስጋ ሎተሪ አንዲት ቋሊማ እንኳ ደርሳኝ አታውቅም።"

ደረሰው። አዲሱ መድኃኒት ወጣለት። ሱቄ መጥቶ ሹክ አለኝ። ለሌላ ሰው አልተናገረም፤ ፐርዝ ከተማ ላለችው ልጁም "አይከፋም" ነው የሚላት። ለኔም የነገረኝ የሆስፒታሉ ፖስታ በእጄ ስለሚያልፍ ብቻ ነው።

በየሁለት ሳምንቱ ጎህ ሲቀድ በፒካፑ ወደ አዴሌድ ይነዳል። እዚያ የሙከራው ነርስ ጂንሲ ትጠብቀዋለች። ከህንድ፣ ከኬራላ የመጣች ወጣት ናት። "ክሌም በይኝ" ቢላት ክሌም አለችው፤ "እርስዎ" ማለቷን ግን አልተወችም። መርፌው ከመሰካቱ በፊት ቁጭ ብላ ትጠይቀዋለች። ምግብ ይበላሉ? እንቅልፍስ? እግርዎ መሬቱን ይሰማዋል? የሸሚዝዎን ቁልፍ ራስዎ ይቆልፋሉ?

"ኢልማ ከሞተች ወዲህ" አለኝ አንድ ቀን፣ "የሸሚዜን ቁልፍ ነገር የጠየቀኝ ሰው የለም።" ለቀልድ ነው ያለው። እኔ ግን ዕቃ የማደራጅ መስዬ ወደ ጓዳ ገባሁ፤ እንባዬ መጥቶ ነበር።

ክረምቱ ሲገባ ጣቶቹ መደንዘዝ ጀመሩ። መጀመሪያ ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ ይወርረው ነበር፤ ቀጥሎ ምንም አልሰማ አለው። ይህን ማንም አላወቀም። ሰው ያወቀው ጣቱን አለማንሳቱን ብቻ ነው።

መጀመሪያ የታዘበው ሮን ሃይድሪክ ነው። ሮን ከክሌም ቤት ማዶ የሚያርስ የዕድሜ ልክ ጓደኛው ነው። በዚያው ሰሞን የኳስ ቡድናችን ከጎረቤቷ ከዌሪምባ ቡድን ጋር ይዋሃድ አይዋሃድ ተብሎ ስብሰባ ነበር። የኛ ወጣቶች አልቀዋል፤ ክሌም ይዋሃድ ብሎ እጁን አወጣ። ሮን ቡድኑን ያቋቋመው አያቱ ነውና ደሙ ፈላ። ታዲያ ከስብሰባው በኋላ መንገድ ላይ ሲገናኙ ሮን ጣቱን አነሳ፤ ክሌም አላነሳም።

"አየሽ?" አለኝ ሮን ባንኮኒዬ ላይ ተደግፎ። "እጁን ለዌሪምባ ያወጣል፣ ለኔ ጣት ይነፍገኛል!"

"ምናልባት ሳያይህ ቀርቶ ይሆናል" አልኩት።

"ክሌም? ጥንቸል ከሩቅ የሚለይ ሰውዬ? ተይ እንጂ!"

ከዚያ ወዲያ ሮንም ጣቱን ሰበሰበ። ሮን ያደረገውን ወንድሞቹ አደረጉት፤ የሮንን ወንድሞች አይቶ ሌላው ተከተለ። እኛ ጋ ኩርፊያ እንደ ጉንፋን ነው፤ ማን እንደጀመረው ሳይታወቅ ሁሉም ያስነጥሳል። ክሌም በዚያ ራሱ በደለደለው መንገድ ላይ ሲሄድ ሲመለስ ሰላም የሚለው ጠፋ።

አንድ ቀን ክሌም፣ ሮን ከሩቅ ሲመጣ አይቶ ዘዴ ፈጠረ። ማብሪያውን በክንዱ ገፋ አድርጎ የፒካፑን የፊት መብራት ብልጭ ድርግም አደረገ። ሰላም ማለቱ ነበር። እኛ ጋ ግን መብራት ብልጭ ከተደረገልህ ፊትህ ፖሊስ አድፍጧል ማለት ነው። ሮን ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ቀበቶውን አስሮ፣ እስከ ከተማ ድረስ እየተሳበ ሄደ። ፖሊስ የለም።

"አሁንስ መቀለጃ አደረገኝ!" እያለ ሱቄ ገባ።

እውነቱን ያወቅሁት በትኩስ ፓይ ነው። ክሌም በሊጥ ተሸፍኖ የተጋገረውን የስጋ ፓይ ከምድጃው እንዳወጣሁት በባዶ መዳፉ ተቀበለኝና ስለ ውርጩ ያወራኝ ጀመር። ሳይ መዳፉ ቀልቷል።

"አንተ ሰውዬ! እጅህ እየተጠበሰ እኮ ነው! ጣለው!"

እጁን የሌላ ሰው እጅ እንደሚያይ አየው። "አይከፋም" አለ።

"አይከፋም ብሎ ነገር! ለነርሷ ነግረሃታል?"

"ብነግራት ከሙከራው ያስወጡኛል።"

"ያስወጡሃል ያለህ ማነው?"

"ማንም። ይገባኛል።"

"የሸሚዙን ቁልፍ ስትጠይቅህስ?"

"ተቆልፎ ነው የሚውለው፤ በአንገቴ ነው የማጠልቀው። ሲያዩት አይታወቅም።"

ያን ጊዜ ነገሩ በራልኝ። "ጣትህን የማታነሳውም ለዚህ ነው?"

"አንዷን ካነሳሁ የቀሩት ምን እየሠሩ እንደሆነ አላውቅም፣ ቬርና። ዓይኔ መንገዱ ላይ ነው፤ ጣቶቼን ማን ይጠብቅልኝ?"

"ሰው እኮ አኩርፏል እያለህ ነው! ለሮን ልንገረው?"

"ብትነግሪው ነዳጄን ዌሪምባ ነው የምቀዳው።" ፓይውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። "አኩርፏል ይበሉኝ፤ ከሚያዝኑልኝ ይሻላል።"

በሚቀጥለው ጉዞ እኔ ነዳሁለት። እምቢ አለ፤ ቁልፉን ከፊቱ አንስቼ ወጣሁ። ጂንሲ የተለመደውን ጠየቀችው። እሱም የተለመደውን መለሰ፤ "አይከፋም።"

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" አልኩ እኔ ወደ ጣሪያው እያየሁ።

ጂንሲ ዞር ብላ አየችኝ፤ ከዚያ እሱን። "ክሌም" አለችው ቀስ ብላ፣ "ከእርስዎ በኋላ ይህን መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች አሉ። እርስዎ ደህና ነኝ ካሉኝ፣ እነሱንም አይጎዳቸውም ብለን ነው በዚሁ መጠን የምንሰጣቸው።"

"ጉድጓዱ ላይ እንጨት አልተከልኩም ማለት ነዋ" አለ ክሌም።

እሷ አልገባትም፤ እኔ ገባኝ።

"ጣቴን ማንሳት አልቻልኩም" አላት። "ከመሪው ላይ። ሮን ሲያልፍ።" ለካራዊላ ሰው ይህ እሪታ ነው። ነገሩን እኔ አስረዳኋት፤ ስለ መሪው፣ ስለ ሮን፣ ስለ ሸሚዙ።

ሐኪሙ ተጠራ። ክሌምን ዓይንዎን ይጨፍኑ ብሎ ጣቶቹን አንድ በአንድ በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ አደረጋቸው።

"መቼ ነው የምትጀምረው?" አለው ክሌም።

ሐኪሙ ጨርሶ ነበር።

አዲሱ መድኃኒት ቆመ። ያባረረው ግን የለም። "መድኃኒቱን ነው እንጂ የምናቆመው፣ እኔ መጠየቄን አላቆምም" አለችው ጂንሲ። ያን ሁሉ ጊዜ የፈራው ለከንቱ ነበር።

ስንመለስ "የሮን ቤት በር ላይ አቁሚልኝ" አለኝ። አቆምኩ። በሩ በሰንሰለት ታስሯል። ሮንና ሚስቱ ተጎታች ቤታቸውን ይዘው ሙቀት ፍለጋ ወደ ሰሜን ሄደዋል፤ ክረምቱ ሳያልቅ አይመለሱም።

"ልደውልለት?" አልኩት።

"በስልክ ምን ተብሎ ይነገራል? ሲመለስ" አለ፤ ሰንሰለቱን እያየ።

ከዚያ በኋላ የተነሳው ምስል ጉበቱ ላይ ያለው መባሱን አሳየ። ክሌም ዌሪምባ ያለችው ትንሽ ሆስፒታል ገባ። ልጁ ከፐርዝ መጥታ ሰነበተችና ለሥራዋ ተመለሰች። ጂንሲ ቃሏን ጠብቃ ትደውልለታለች፤ ስልኩን ጆሮው ላይ የምይዝለት እኔ ነኝ። ከዚያ ውጪ በሩን የሚያንኳኳ የለም። መስኮቱ ወደ መንገዱ ነውና መኪኖቹን ሲቆጥራቸው ይውላል።

ስንዴው ማሸት ሲጀምር ሮን ተመለሰ። ገና ነዳጅ ሲቀዳ ሁሉንም ነገርኩት፤ ክሌም ፈቅዶልኝ ነበር። ነዳጁ ሞልቶ መሬት ላይ እስኪፈስ ድረስ አላስተዋለም።

አብረን ሄድን። ሮን ባርኔጣውን አውልቆ አልጋው ግርጌ ቆመ።

"እንዴት ነህ፣ ሽማግሌ?"

"መጥፎ ነው፣ ሮን" አለ ክሌም።

በኛ አገር ለዚህ ማንም መልስ አዘጋጅቶ አያውቅም። ሮን ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

"ያን ቀን መብራት ያበራህብኝ..." አለ።

"ሰላም ልልህ ነበር።"

"እኔ ደግሞ ፖሊስ መስሎኝ..."

"አይቼሃለሁ። እንደ ባልቴት ነበር የነዳኸው።"

ሁለቱም ሳቁ፤ የክሌም ሳቅ ወደ ሳል ተለወጠ። ከዚያ ስለ ስንዴው አወሩ፣ ስለተዋሃደው ቡድንም፤ አንድም ጨዋታ አላሸነፈም። ሮን ሊሄድ ተነስቶ በሩ ጋ ሲደርስ ዞር አለና ሌባ ጣቱን ብድግ አደረገ።

የክሌም እጆች የሱፍ ጓንት ውስጥ፣ ጓንቶቹ ብርድ ልብሱ ስር ነበሩ። ክሌም ቁልቁል ብርድ ልብሱን አየ።

"እኔም ያነሳሁ መሰለኝ" አለ።

ብርድ ልብሱ አልተንቀሳቀሰም።

"አይቻታለሁ" አለ ሮን፤ ባርኔጣውን ደፍቶ ወጣ።