መላሽ ያጣ ምርቃት

ሻሮ የበሩን ቁልፍ በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ትውላለች። በኬንያው ሞያሌ፣ ሄሉ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ያለችው ባለ ሁለት ክፍል ቆርቆሮ ቤቷ ከውስጥ በሰንሰለት ትቆለፋለች፤ የሚቆለፍባት የባሏ እናት ዳዶ ናት። ዳዶ አርጅታለች፣ ሐሳቧም ወደ ኋላ ሄዷል። በር ክፍት ካገኘች ትወጣለች። አንድ ቀን የጭነት መኪኖች በሚያልፉበት መንገድ መሃል ቆማ ጥጆቿን ስትጠራ አገኟት። ጥጆቹ ዳበል በሚባለው ገጠር በድርቅ ካለቁ ብዙ ዘመን ሆኗል። ባሏ ጃርሶ ሰንሰለት ገዛ፣ ቁልፉን ለሚስቱ ሰጠ፣ ከዚያም ከብት ጭኖ ወደ ናይሮቢ መንገዱን ቀጠለ።

"እናቴን አደራ" አላት ሲሄድ። አደራው ሁለቱን ሴቶች አንድ ላይ ቆለፈባቸው።

ሻሮ ቤተ ክርስቲያን ከቀረች ሰነበተች። እሑድ እሑድ ደመቀች ከጸሎት ስትመለስ በመስኮቱ ብረት በኩል ብቅ ትላለች። ደመቀች ከኢትዮጵያው ሞያሌ ድንበር ተሻግራ የመጣች ቸርቻሪ ናት። ሻሮ ስትጠመቅ መጸለይን ያስተማረቻት እሷ ነበረች፣ በአማርኛ።

"አንቺ እስረኛ! እንዴት አደርሽ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ እትዬ። ጠባቂዬ ተኝታለች።"

"ፖሌ፣ አይዞሽ እህቴ። ትጸልያለሽ ግን?"

"እሞክራለሁ።"

"ምኑ ይሞከራል? አፍን ከፍቶ መናገር ነው እንጂ!"

ለደመቀች እውነት ነው፤ ቃሉ እንደ ውሃ ይወርድላታል። ለሻሮ ግን አማርኛ የገበያ ቋንቋ ነው፣ በልጅነቷ ወተት የሸጠችበት። ተንበርክካ "ሰማያዊ አባት ሆይ" ትልና ከዚያ ወዲያ አፏ በለመደው መንገድ ይሄድባታል። "እባክህ ትንሽ ጨምርልኝ፤ በዚህስ አያዋጣኝም" ስትል ራሷን ትሰማለች። ዝም ብላም ትጠብቃለች፣ ገዢ ዋጋ እስኪጠራ እንደሚጠበቀው። ዋጋ የሚጠራ የለም። አፍራ ትነሳለች።

በእናቷ ቋንቋ በቦረንኛ መጸለይን ደግሞ ፈራች። ስትጠመቅ "የድሮውን ተዪ" ተብላ ነበር። ከድሮው የትኛውን እንደሆነ ማንም ለይቶ አልነገራትም፤ እሷም አንዱን ሳልተው እንዳልቀር ብላ ሁሉንም ተወች።

ጸሎት ያስፈለጋት ለእጇ ነበር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዳዶን የሚችላት የለም። በሩ ጋ ሄዳ ሰንሰለቱን ትነቀንቃለች፣ ታጉረመርማለች፣ ትጮሃለች። አንድ ምሽት ሻሮ ክንዷን ይዛ ስትመልሳት ጨብጣ ቆየች፤ ከሚያስፈልገው በላይ። በማግስቱ ገላዋን ስታጥባት የገዛ ጣቶቿን ምልክት በአሮጊቷ ቆዳ ላይ ጠቁሮ አየችው።

"ልጄ፣ ይሄ ምን ነካኝ?" አለች ዳዶ።

ሻሮ ቶሎ ልብሷን አለበሰቻት። ከዚያ ወዲህ አንድ ሐሳብ ይመጣባት ጀመር። በሩን ብተወውስ? ትውጣ፣ መንገዱ ይውሰዳት። ሐሳቡን ገፍታ ታስወጣዋለች፤ እሱ ደግሞ በማግስቱ ከሰንሰለቱ ኳኳታ ጋር ይመለሳል።

የቤቱ ቆርቆሮ እንደ ምጣድ በጋለበት አንድ ቀን ባለ አህያው ውሃ ሳያመጣ ቀረ። ዳዶ ሻይዋን ልብሷ ላይ ደፋች። ሲመሽም በሩን መደብደብ ጀመረች። ሻሮ ክሩን ከአንገቷ አወለቀች፣ ሰንሰለቱን ፈታች፣ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችና ግድግዳውን ተደግፋ ዓይኗን ጨፈነች።

"ሂጂ" አለች በልቧ።

ኮቴ አልሰማችም። ዓይኗን ስትገልጥ ዳዶ ደጃፉ ላይ ቆማ ቀኝ እጇን ወደ ውጭ ዘርግታለች።

"ለላሞቹ" አለች በቦረንኛ። ጠበቀች። "ለጥጆቹ" አለች፣ ደግሞ ጠበቀች። ከዚያ በቁጣ ዞረች። "እዚህ ቤት ሰው የለም እንዴ?"

ያኔ ለሻሮ ገባት። በዳበል፣ በሻሮ አባት መንደር፣ ከብቱ ሲገባ የቤቱ ታላቅ በረቱ በር ላይ ቆሞ ይመርቃል። በየቃሉ "ናጋ"፣ ሰላም፣ ብሎ የሚቀበል ሰው ከሌለ ምርቃቱ አያልቅም፤ ምርቃቱ ካላለቀ በረቱ አይዘጋም። ሻሮ ራሷ በልጅነቷ የአባቷ መላሽ ነበረች። ይህን ሁሉ ምሽት አሮጊቷ ልታመልጥ የምትታገል መስሏት ነበር። ማጉረምረሙንም ከድሮው ወገን ነው ብላ ጆሮዋን ደፍናበት ኖራለች።

"ለላሞቹ" አለች ዳዶ እንደገና።

"ናጋ" አለች ሻሮ።

"ለዝናቡ።"

"ናጋ።"

"ለመንገደኛው።"

"ናጋ።" ጃርሶ ያኔ መንገድ ላይ ነበር።

ዳዶ ጨርሳ እጇን አወረደች። ሻሮ ግን አልበቃትም። በእናቷ ቋንቋ፣ ለማን እንደምትናገር እያወቀች፣ "ለዚህች እጄ" አለች።

"ናጋ" አለች አሮጊቷ ወዲያው።

"ለጎዳኋት።"

"ናጋ።"

"ዛሬ በሩን ለከፈተው ልቤ።"

ዳዶ ለምን እንደሆነ አልጠየቀችም። "ናጋ" አለች። ሻሮ እያለቀሰች "በኢየሱስ ስም" ብላ ፈጸመችው።

እሑድ ለደመቀች ሁሉን ነገረቻት፣ በሩን የከፈተችበትንም ምክንያት ሳትደብቅ። ደመቀች የመስኮቱን ብረት ይዛ እስከ መጨረሻው አዳመጠቻት።

"ኃጢአት ይሆን፣ እትዬ?"

"የቱ? በሩ ነው ወይስ ጸሎቱ?"

"የበሩማ ኃጢአት እንደሆነ አውቄዋለሁ። ጸሎቱ።"

"እኔ ፓስተር ነኝ እንዴ?" አለች ደመቀች። ቀጥላ ግን እንዲህ አለች፤ "ሰላም ለሚል ሰው ሰላም ብሎ መመለስ ምን ይከፋል። ሲመሽ እመጣለሁ። ያንን ሌላውን ሐሳብ ደግሞ ብቻሽን አትሸከሚው። ሲመጣብሽ ጥሪኝ፣ ሱቄን ዘግቼ እመጣለሁ።"

መጣችም። ከደጅ ቆማ "ናጋ! ናጋ!" እያለች፣ እንደ ልማዷ ከሁሉም በላይ ጮክ ብላ ተቀበለች።

"ይቺን ጯሂ ማን አመጣብን?" አለች ዳዶ።

"ሚስት አጥቶ የሚፈልግ ወንድ ካለሽ እንድታጪኝ ነው የመጣሁት" አለች ደመቀች፣ ሻሮም ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች።

ደመቀች ስትሄድ ሻሮ ሰንሰለቱን መልሳ ቆለፈችው፤ ዳዶ ቀን ቀን ጥጆቿን ፍለጋ ለመውጣት መሞከሯን አልተወችም። ቤቱ ያው ጠባብ ነው፣ ጃርሶ የሚመለስበት ቀንም አልታወቀም። ወደ መኝታዋ ስትወስዳት አሮጊቷ መሃል ላይ ቆመችና ትክ ብላ አየቻት።

"አንቺ የማን ልጅ ነሽ?"

"የዳበል ነኝ፣ አኮ፣ አያቴ።"

"እንግዲያው ያዢኝ" አለች ዳዶ።

ሻሮም ክንዷን ከላይ ሳትጨብጥ ከሥር ገብታ፣ መዳፏን ዘርግታ ደገፈቻት።