የጂኦግራፊ መምህሩ ጂፒኤስ

ሶዶ ላይ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርኩ፤ አቅጣጫ ግን አይገባኝም። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ እኔ ግን እየቀለድኩ አይደለም። ክፍል ውስጥ ኬክሮስና ኬንትሮስ አስተምራለሁ፣ ካርታ አስነብባለሁ፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ሦስት ጊዜ ከዞርኩ በኋላ ግን ከየት እንደመጣሁ አላውቅም። ከተማ ውስጥ ችግር የለም፤ ቀና ካልኩ ዳሞታ ተራራ ይታየኛል። ቆላ ወርጄ ግራሩ መሀል ስገባ ግን ዳሞታም የለ፣ እኔም የለሁ።

ቆላ የሚያወርደኝ ከርከሮ ነው። ከአባቴ የወረስኩት፣ ፈቃድ ያለው ጠመንጃ ነበረኝ። በሁምቦ ቆላ ከርከሮ በቆሎ ሲጨርስ ቀበሌው ከወረዳ ፈቃድ ያወጣና መሣሪያ ያለውን ሰው ይጠራል። እኔን የሚጠራኝ ሁልጊዜ አንድ ጠና ያለ ገበሬ ነበር። ልጁን አስተምሬለት ነው የተዋወቅነው። እኔ ጋሼ እለዋለሁ፣ እሱ መምህሬ ይለኛል። ከርከሮ የት እንደሚተኛ፣ በየት እንደሚወጣ፣ ነፋስ ሲዞር ምን እንደሚያደርግ የሚያውቀው እሱ ነው። የእኔ ሥራ እሱ ያቆመኝ ቦታ ቆሞ መተኮስ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዎቹ ተለይቼ ጠፋሁ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስባዝን ዋልኩ፤ በመጨረሻ እንጨት የተሸከመች ሴት አግኝታኝ መንገድ አወጣችኝ። ለካ መንገዱ ከእኔ አንድ ሁለት መቶ እርምጃ ነው የሚርቀው። ሰኞ ጠዋት ወሬው ቀድሞኝ ትምህርት ቤት ገብቷል። የሒሳብ መምህሩ ስታፍ ውስጥ ብድግ ብሎ «የጂኦግራፊ ዲፓርትመንት ጠፍቶ ተገኝቷል» አለ። አብሬ ሳቅሁ፤ ውስጤ ግን እርር ብሏል። ያኔ ከፕላዝማ ቴሌቪዥኑ የሚያስተምረው ሰው ክፍላችንን ወስዶብን ስለነበር፣ ተማሪ ፊት የቀረችኝ ክብር ትንሽ ነበረች። እሷንም ከርከሮ ሊወስድብኝ አይገባም አልኩ። ጂፒኤስ እገዛለሁ ብዬ ወሰንኩ፤ እኔ ደግሞ አንዴ ካልኩ አልኩ ነው።

መንገድ ሥራ ላይ የሚሠራ ቀያሽ ወዳጅ ነበረኝና ምን ልግዛ ብዬ ጠየቅሁት።

«ስክሪኑ አያታልልህ» አለኝ። «መጀመሪያ ባትሪውን እይ። ማንኛውም ሱቅ ውስጥ በሚገኝ የባትሪ ድንጋይ የማይሠራ ከሆነ ትተኸው ውጣ፤ ቆላ ላይ ቻርጅ የምታደርግበት መብራት የለም። ቁልፍ ያለው ይሁን፤ በላብ በራሰ ጣት ንክኪ ስክሪን አይሆንልህም። ፀሐይ ላይ ይነበብ። ዛፍ ሥር ሳተላይት መያዙን ደግሞ እዚያው ሳትከፍል ሞክር።»

አዲስ አበባ ሄጄ የሞከርኩት እንደዚያው ነው። ባለሱቁ ቀለም ያለውን፣ ሰፊ ስክሪን ያለውን አወጣልኝ። እኔ ከእሱ ጎን የነበረውን ትንሹን ባለ ቁልፍም ጨምርልኝ አልኩና ሁለቱን ይዤ የእግረኛ መንገዱ ላይ ካለ ዛፍ ሥር ቆምኩ። የሱቁ ዘበኛ ይዞ ይሮጣል ብሎ ነው መሰለኝ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። ትልቁ ሳተላይት ሲፈልግ ትንሹ አግኝቶ ቁጥር አሳየኝ። አጥፍቼ ደገምኩ። ቦታ ቀይሬ ሠለስኩ።

«ወንድሜ፣ ልትገዛ ነው ልትፈትን?» አለኝ ባለሱቁ።

«ፈትኜ ልገዛ» አልኩት። ትንሹን ገዛሁ።

ወር ሙሉ ተለማመድኩበት። ቤቴን፣ ትምህርት ቤቱን፣ መናኸሪያውን መዘገብኩ። ዳሞታ ግርጌ እየወጣሁ የሄድኩበትን ዱካ ይዞ እንዲመልሰኝ አደረግሁ። ቆሜ ከያዝኩት አቅጣጫ ጠቋሚው ቀስት እንደሚወላውል፣ ስራመድ ግን እንደሚስተካከል፣ የሚቀረኝን ርቀት ቀጥታ በአየር እንጂ በእግር መንገድ እንደማይቆጥር ተማርኩ። ባለቤቴ በር ስከፍት «ዛሬስ ቤትህን አገኘኸው?» ትለኛለች። አገኘሁት እላታለሁ፣ እልሄ ግን አልበረደም።

በዚያ ዓመት የበልጉ ዝናብ ዘገየ። ጋሼ በቆሎውን ዘግይቶ ዘራ፤ ሊደርስለት ሲል ከርከሮ ገባበትና በሳምንት ውስጥ ግማሹን ጨረሰው። ሶዶ ድረስ መጥቶ ሲነግረኝ ድምፁ አልተቀየረም። «የቀረውን ከበላብኝ እስከሚቀጥለው ዝናብ ስኳር ድንች ብቻ ነው ያለኝ፤ እሱም ለሰባት ሰው አይበቃም» አለ። ይህን መንጋ የግድ ማባረር ነበረብን።

ከርከሮው ቀን ቀን የሚተኛው ከማሳው በስተሰሜን ባለ ጥቅጥቅ ቁጥቋጦ ነው፤ ከቁጥቋጦው ወዲያ ጥልቅ ቦረቦር አለ። ደንቡ ግልጽ ነበር። አባራሪዎች በማሳው በኩል ገብተው እየጮኹ ወደ ሰሜን ይነዱታል፤ ከቦረቦሩ አፋፍ ግን አያልፉም። ተኳሾች ቦረቦሩን ተሻግረው ማዶ ይጠብቃሉ። ስለዚህ ተኳሽ ፊት ለፊቱ የሚያየው የሚሻገር ከርከሮ ብቻ ነው። ሰው አይኖርም።

እኔ በዚህ ጊዜ ማንም እንዲያቆመኝ አልፈለግሁም። ከትምህርት ቤቱ የቶፖግራፊ ካርታ ላይ የቦረቦሩን ማዶ ፈልጌ፣ የኬክሮስና የኬንትሮስ ቁጥሩን በማስመሪያ አንብቤ ጂፒኤሱ ውስጥ ከትቼ ሄድኩ። ጋሼ ከአባራሪዎቹ ጋር ሊሄድ ሲል «መምህሬ፣ ቦረቦሩ ትልቁን ሾላ ካለፍክ በኋላ ነው» አለኝ።

«ጋሼ፣ ይሄ ያውቃል» አልኩት፤ ጂፒኤሱን እያሳየሁ።

ሌሎቹ ሁለት ተኳሾች በለመዱት ሄዱ። እኔ ብቻዬን ቀስቱን ተከተልኩ። ሾላ አላየሁም። ጎርፍ የቦረቦራት ትንሽ ቦይ አገኘሁና ተሻገርኩ፤ ካርታ ላይ ትልቅ የሚመስል ነገር መሬት ላይ ትንሽ ሊሆን ይችላል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ጂፒኤሱ ደርሰሃል አለኝ። ተቀመጥኩና ጠመንጃዬን አዘጋጀሁ።

ጩኸቱ ከማሳው በኩል ተነሣ፤ እየቀረበ መጣ። ሁለት ከርከሮ ከጎኔ በረው አለፉ፤ አልደረስኩባቸውም። ቀጥሎ ፊት ለፊቴ ቁጥቋጦው ተነቃነቀ። ቡናማ ነገር አየሁ፣ ዝቅ ብሎ የሚሄድ። አነጣጠርኩ። ጣቴ ቃታው ላይ ነበር። ያ ቡናማ ነገር ቀና አለና በመዳፉ ግንባሩን ጠረገ።

ጋሼ ነበር። ጋቢውን ወገቡ ላይ አስሮ፣ ጎንበስ ብሎ ዱካ እያየ ነበር። አላየኝም። ወደ ጎን ታጥፎ እየጮኸ አለፈ። እኔ ጥይቱን አወጣሁና ጠመንጃውን መሬት ላይ አጋድሜ ተቀምጬ ቀረሁ። መንጋው በእኔ በኩል ሾልኮ አመለጠ። በማግስቱ ጠዋት ከማሳው ሌላ ሁለት ተርታ በቆሎ ተበልቶ ተገኘ።

ሁሉም ቦታህን ስተህ ነበር አሉኝ፤ ጋሼም የሚያውቀው ከርከሮው ማምለጡን ብቻ ነው። ቀሪውን እኔ ብቻ አውቃለሁ። ሶዶ ስመለስ ያንን ዕቃ ግድግዳ ላይ ልፈጠፍጠው ነበር። አልፈጠፈጥኩትም። ምክንያቱን ሳላውቅ ከተውኩት ጥፋቱን ለዕቃው ሰጥቼ ራሴን ነፃ ማውጣቴ ነው፤ ይህን ደግሞ አልፈቅድም አልኩ።

ሰኞ ከክፍል በኋላ ካርታውን ይዤ ወጣሁ። መጀመሪያ ትልቁ መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆሜ የጂፒኤሱን ቁጥር ከካርታው ጋር አስተያየሁ። አይገጥምም። ቦዲቲ መንገድ ላይ ወዳለ ድልድይ በሚኒባስ ሄድኩ። አይገጥምም። ሦስተኛ ቦታ ሞከርኩ። ልዩነቱ ሦስቱም ቦታ ላይ አንድ ዓይነት ነው፤ ከሁለት መቶ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ። ዕቃው ቢበላሽ ኖሮ እንዲህ በሥርዓት አይሳሳትም። ካርታውን መንገድ ዳር ዘርግቼ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ግርጌው ላይ፣ በትንንሽ ፊደል፣ የካርታው መነሻ ስሌት አዲንዳን ነው ይላል። ጂፒኤሱ ደግሞ ከፋብሪካ የመጣው በሌላ ስሌት ነው፤ አንዱ ቁጥር በሁለቱ ስሌቶች ሁለት የተለያየ ቦታ ያሳያል። ከካርታው ያነበብኩት ቁጥር ጂፒኤሱ ላይ ወደ ደቡብ ጎትቶ፣ አባራሪዎቹ መሀል ነው ያስቀመጠኝ። ያንን ካርታ ስንት ዓመት ተማሪ ፊት ሰቅያለሁ፤ ግርጌውን አንድ ቀን አላነበብኩም። በጣም አፈርኩ። ጂፒኤሱ ማስተካከያ ውስጥ ገብቼ ከረጅም ዝርዝር አዲንዳንን መረጥኩና እንደገና ድልድዩ ላይ ቆምኩ። ቁጥሩ ገጠመ።

ይሄ ቀላሉ ነበር። ከባዱ ጋሼ ጋ መሄድ ነው። ማክሰኞ ከሰዓት ሄድኩ። ማሳው ዳር አገኘሁት፤ አጥር ሊያጠብቅ እሾህ እየጎተተ ነበር። በወላይትኛ «ሳሮ» ተባብለን ሰላምታ ተለዋወጥን። ዙሪያ ጥምጥም አልሄድኩም።

«ጋሼ፣ ቅዳሜ ልገድልህ ነበር» አልኩት። «አነጣጥሬብህ ነበር። ግንባርህን ባትጠርግ ተኩሻለሁ።»

እሾሁን መሬት አስቀመጠ። ካርታውን አወጣሁና ምን እንደሳትኩ፣ ስንት ሜትር እንደሳትኩ ነገርኩት። አሁን ላረጋግጥ አልኩና አብረን ሄድን፤ ቀስቱ ሾላውን አሳልፎ ቦረቦሩን አሻግሮ አቆመን። ጋሼ ቦረቦሩን አየ፣ ጂፒኤሱን አየ፣ እኔን አየ።

«ለሌሎቹ ነግረሃል?»

«ለአንተ ነው የቀደምኩት። ለእነሱም እነግራለሁ። ከፈለግህ ጠመንጃውን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ።»

«በቆሎዬ እስከ ቅዳሜ ከቆየች ጥሩ ነች» አለ። «ቅዳሜ የማባርረው እኔው ነኝ። አንተ እዚችው ቁም።»

ቅዳሜ እዚያው ቆምኩ። ሾላውን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ቦረቦሩን በእግሬ ተሻግሬያለሁ፣ ቁጥሩንም ሦስት ጊዜ አንብቤያለሁ። ጩኸቱ ሲቀርብ የጠመንጃዬ አፈሙዝ መሬት ላይ ነበር። መንጋው ቦረቦሩ ውስጥ ዘለለ፤ የመጀመሪያው ወደ እኔ ማዶ ሲወጣ ተኮስኩበት። ሌሎቹ ተኳሾችም ከግራዬ ተኮሱ። ከዚያ በኋላ ዓይኔን ከቁጥቋጦው ላይ አልነቀልኩም።

ቆይቶ ጋሼ በቁጥቋጦው በኩል ባለው አፋፍ ላይ ብቅ አለ፤ አባራሪ ሊቆም በሚገባው ቦታ። የተረፈው መንጋ ማሳውን ትቶ ወደ ወንዙ ሄዷል፤ በኋላ እንደታየው አልተመለሰም። እሱ ግን ያንን ገና አላወቀም።

«መምህሬ፣ ስንት ወደቀ?» ብሎ ጮኸ።

«አላውቅም» አልኩት። እውነቴን ነው። እሱ ከቁጥቋጦው በደህና እስኪወጣ ድረስ ሌላ ምንም አላየሁም።