ሊቀ ጳጳሱና የእድራችን ሊቀመንበር

ቶርንተን፣ ቅዳሜ ጠዋት

የእኛ ሚሌኒየም ሊገባ አንድ ወር ሲቀረው፣ ከሞቱ ስምንት መቶ ዓመት ገደማ የሆናቸውን የአንድ የካቶሊክ ሊቀ ጳጳስ ታሪክ ለመስማት ከምኖርበት ከቶርንተን ወደ ዴንቨር ተነሳሁ። ጤነኛ ሰው ቅዳሜን ሣር ያጭድበታል። መኪናዬ ጋራዥ ስለገባች የወሰደኝ የሞንትቤሎው ባለታክሲ ወዳጄ ታደሰ ነው፤ በአንድ ውል፦ ከሰዓት ኦሮራ በእድራችን ስብሰባ ለሊቀመንበርነት ልጠቁመው። አስከሬን ወደ አገር ቤት ሲላክ ኤርፖርት የሚሮጠው እሱ ነው፤ ወንበሩ ላይ የሚቀመጡት ግን ሁልጊዜ ሌሎች ናቸው። አይናገረውም እንጂ በጣም ይመኘዋል።

ዴንቨር፣ ቀትር

በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ አንድ አዛውንት ቄስ ተረኩልን። ሊቀ ጳጳሱ የሸማኔ ልጅ ነበሩ፤ በልጅነታቸው መነኮሱ። ሲመረጡ ግን "አይገባኝም" ብለው ሸሹና ተደበቁ። ተፈልገው፣ ተለምነው፣ በመጨረሻ በሸክም መጡ። ከዚያ በኋላ በቤተ ክርስቲያን መሬት ሰበብ ከንጉሥ ጋር ተጣሉ፣ ተሰደዱ፣ ተመልሰው እስከ ሞታቸው መንበሩን አለቀቁም።

ስንወጣ ከመንገድ ዳር በሁለት ዶላር በቂጣ የተጠቀለለ የባቄላ ቡሪቶ ገዛን፤ ፍልሰታ ስለነበር አይቡ ይቅር አልን።

"የተደበቁት የት ነው ያሉት?" አለ ታደሰ።

"የራሳቸው ገዳም ጎተራ ውስጥ። መደበቅ የፈለገ ሰው ባሕር ይሻገራል።"

"አንተ ለጻድቅም አትመለስም። እኔም ሦስቴ እምቢ እላለሁ። ሹመት በአንድ ጥያቄ እሺ አይባልም።"

ኦሮራ፣ ከሰዓት

የኮልፋክስን ጎዳና ይዘን ኦሮራ ገባን። ስብሰባውን የምትመራው እዚሁ ያደገች ነርስ ናት፤ ሕይወት ትባላለች። ታደሰን ጠቆምኩ።

"ኧረ እኔ አልችልም፣ ሌላ ፈልጉ" አለ ታደሰ አንገቱን ደፍቶ።

"ኦኬ ጋሼ፣ ሪስፔክት እናደርጋለን። ሌላ እጩ?"

ታደሰ ቀና አለ። እንዲህ ያለ ፊት ያየሁት ፍላይት ያመለጠው ሰው ላይ ነው።

ይህን ልማድ በጽሑፍ ስነቅፍ የኖርኩት እኔ ተነሳሁ። "ሕይወት፣ እባክሽ እንደገና ጠይቂው።"

"ሦስቴ ነው የሚለመን፣ የኔ ልጅ" አሉ ከኋላ እትዬ ጥሩነሽ። "ቶሎ በሉ፣ ሽሮው ይቀዘቅዛል።"

ሕይወት ግራ እንደገባት ጠየቀችው።

"አቅሙም የለኝ" አለ።

ሦስተኛውን ጥያቄ ሳትጨርሰው "እንግዲህ ካላችሁ እሺ" አለ። አዳራሹ በሳቅና በእልልታ ተናጋ።

መመለሻ

ወደ ሰሜን ስንነዳ ፀሐይዋ ወደ ተራሮቹ አዘንብላ ነበር። አንዴ መጠየቅ ወግ ነው፤ ሁለቴ መጠየቅ ግን መፈለግ ነው። ሊቀ ጳጳሱም ጎተራው ውስጥ ጆሯቸውን አቁመው የጠበቁት ይህንኑ ይመስለኛል።

"ጸሐፊ ያስፈልገኛል፤ አንተ ሁንልኝ" አለኝ ታደሰ።

"እኔ? በምን ጊዜዬ" አልኩት።

"እሺ" አለና ሬዲዮ ከፈተ።

ቶርንተን ድረስ ቤዝቦል ሰማን። ደጄ ላይ ፓርክ አደረገ። ወረድኩና የመኪናውን በር እንደያዝኩ ቆየሁ።

"ታዴ" አልኩት፣ "ሁለተኛ አትጠይቀኝም እንዴ?"